ጉንዳንም ኮንትሮባንድ ሆነች

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ስልኩን የሚያወጣው አባ ኮዳን ለማንሳት ነው። አይፈረድበትም። ያን የሚያህል ወፍ መላጣውን አቀርቅሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ሲንጎራደድ ማየት ያዝናናል። የእኔ ዓይን ግን ሰሞኑን መሬት መሬቱን ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ከቆሮሶ ጥብሴ ላይ አንዲት ፍርፋሪ ወደቀች። ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ጉንዳን ደረሰች። በአንቴናዋ ነካካቻት፣ ዙሪያዋን ዞረች፣ ከዚያ ጥላት ሄደች። አልጣማትም ማለት ነው ብዬ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። ዓሣዬን ጨርሼ እጄን ታጥቤ ስመጣ ከዋርካው ሥር እስከ ጫማዬ ድረስ ጥቁር ክር ተዘርግቷል። ክሩ ይንቀሳቀሳል። ፍርፋሪዋም አብራ ትንቀሳቀሳለች።

ጓደኛዬ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

«ጉንዳን እያየሁ ነው።»

«ምነው፣ ልትሸጣት አሰብክ እንዴ?»

ቀልዱ የመጣው ከኬንያ ነው። ላልሰማ ልንገር። በሚያዝያ 2017 መጨረሻ ላይ አንድ የኬንያ ፍርድ ቤት ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያንን እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደባቸው። የተያዙት ወደ 5,000 ጉንዳን ይዘው ነው። ጉንዳኖቹ ጥጥ በተጠቀጠቀባቸው ከ2,200 በላይ ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ሆነው ለወራት በሕይወት መቆየት ይችላሉ። በሌላ መዝገብ አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ 400 ያህል ጉንዳን ይዘው ተገኝተው ያንኑ ቅጣት ቀምሰዋል። ቤልጂየማውያኑ የተያዙበት ናኩሩ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። እንደ ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው።

የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ኮንትሮባንድ ለምደናል። ጉንዳን ሲባል ግን ሰው ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር። ሳቄ የቆመው ዋጋውን ስሰማ ነው። አውሮፓና እስያ ውስጥ ጉንዳንን በመስታወት ቤት የሚያረቡ ሰዎች አሉ፣ ልክ አንዳንዱ ሰው ዓሣ በመስታወት ውስጥ እንደሚያኖረው። ለነሱ የአንዲት የምሥራቅ አፍሪካ ግዙፍ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ንግሥት ዋጋ እስከ 170 ፓውንድ ይደርሳል ተብሏል። አንዲት ጉንዳን! በዚህ ሒሳብ አንድ ጥሩ በግ በጣት መሃል ይያዛል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተወደደች? መልሱ «ንግሥት» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። ቃሉ ራሱ ግን ያሳስታል። የጉንዳን ንግሥት አታዝዝም። ዙፋንም ችሎትም የላትም። ሥራዋ እንቁላል መጣል ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያወጡ ወጣት ንግሥቶችና ወንዶች ከጎጆው ወጥተው ይበርራሉ። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለውን ዓይነት ትርምስ አስቡት። አየር ላይም ሆነ መሬት ወርደው ይጋባሉ። ወንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ፤ ሰርጋቸውም ቀብራቸውም አንድ ሰሞን ነው። ንግሥቷ መሬት ትወርድና ክንፏን ራሷ ነቅላ ትጥላለች። ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ትዘጋለች። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ከዚያ ወዲህ አታገባም። የዚያን ዕለቱን ዘር በሆዷ አስቀምጣ ለዕድሜ ልኳ ትጠቀምበታለች። የመጀመሪያ ልጆቿን የምትመግበውም ከገዛ አካሏ ነው። ከእንግዲህ ጥቅም የሌላቸው የክንፍ ጡንቻዎቿ ቀልጠው ምግብ ይሆናሉ።

ዕድሜዋም ቀላል አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በቤተ ሙከራ የተያዘች አንዲት የተራ ጥቁር ጉንዳን ንግሥት ወደ 29 ዓመት ኖራለች። የኔ ባጃጅ ያን ያህል ብትኖርልኝ ስለት አስገባ ነበር።

እንግዲህ ሌባው የያዘው አንዲት ነፍሳት አይደለም። ወደፊት የሚፈላ ሙሉ ጎጆ ነው፣ ከነሠራተኛው፣ ከነእጩ፣ ከነልማዱ። በኪስ ይገባል፤ በኤርፖርት ማሽንም ቶሎ አይታይም። ከመሬቱ ላይ ደግሞ የቀነሰው አንድ ጎጆ ነው። እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ለሣር ምድር ከገበሬ አይተናነስም። ዘር ይለቅማል፣ ጎተራ ያስገባል፣ መንገድ ላይ የጣለው ይበቅላል፣ አፈር ይገለብጣል። የከተተው ዘር በዝናብ ከራሰ መልሶ አውጥቶ ጸሐይ ላይ ያሰጣል። እናቶቻችን ስንዴ እንደሚያሰጡት ማለት ነው፤ ሰሌን ብቻ ነው የቀረው።

ስለ ጉንዳን ትጋት ያልሰማ የለም። መጽሐፈ ምሳሌ ታካቹን ወደ ገብረ ጉንዳን ይልከዋል። ቁርኣንም በስሟ የሚጠራ ምዕራፍ አለው። እኔ ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስገኝ የሚጠቀስልኝ እሷ ነበረች። ቂም ይዤባታለሁ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፦ አሜሪካ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ዝርያ ጎጆ እያንዳንዷ ጉንዳን በቀለም ምልክት ተደርጎባት ሲጠና፣ 40 በመቶ ያህሎቹ በአብዛኛው ምንም ሲሠሩ አልተገኙም። ቁጭ! ሌላ ጥናት በመሬት ቆፋሪ ጉንዳኖች ላይ ተደርጎ 70 በመቶውን ሥራ የሠሩት 30 በመቶዎቹ ሆነው ተገኝተዋል። ቢሮ ለዋለ ሰው አዲስ ዜና አይደለም።

ግን ስንፍናው ስንፍና አይደለም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይጥማል። በመጀመሪያው ጥናት ትጉሆቹ ሲወሰዱ ተቀማጮቹ በሳምንት ውስጥ ተነስተው ቦታቸውን ተኩ። ተጠባባቂ ነበሩ። በሁለተኛው ደግሞ ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ልቆፍር ቢል ይተፋፈጉና ሥራው ይቆማል። ስለዚህ መንገዱ ሲጨናነቅ የደረሰችው ዞር ብላ ትመለሳለች። ይህን ለሐዋሳ ባጃጅ ነጂ ንገሩትና ምን እንደሚላችሁ ስሙ። አደባባይ ላይ ዞር ብሎ የሚመለስ እስካሁን አላየሁም። ጉንዳኖች ግን ድልድይ ላይ አራት አምስተኛው ቦታ ቢሞላ እንኳ ሳይቆሙ ሲተላለፉ በሙከራ ታይቷል። እኛ ከግማሽ በታች ላይ መንፏቀቅ እንጀምራለን።

ይህን ሁሉ የሚያዝዝ የለም። የመጽሐፈ ምሳሌው ጸሐፊም አለቃ እንደሌላት ልብ ብሏል። እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ማየት ይችላል። እኔ ያየሁት ከምድጃዬ በላይ ባለው ግድግዳ ነው። ከመስኮቱ እስከ ስኳሩ ጣሳ መስመር ሠርተው ይመላለሱ ነበር። ጣቴን በሳሙና ውሃ ነክሬ መስመሩን በአንድ ቦታ ላይ አበስኩት፣ ሁለት ጣት ስፋት ያህል። ግድግዳው ለዓይን ያው ነው። እነሱ ግን ገደል አፋፍ ላይ እንደደረሰ ሰው ቆሙ። ከላይ የመጡት እዚያ ተከማቹ፣ ከታች የመጡትም እንዲሁ፤ ተፋጠጡ። ወደ ኋላ የተመለሰችም ነበረች። ከዚያ አንዷ ደፈረች። ዞር ዞር ብላ ተሻገረች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መስመሩ እንደነበረው ሆነ።

ያበስኩት ሽታቸውን ነው። ጉንዳን ምግብ አግኝታ ስትመለስ በሆዷ ጫፍ መሬቱን እየነካካች ሽታ ትጥላለች፣ ፌሮሞን ይሉታል። ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ምግቡ ካለ እነሱም ይጨምሩበታል። ምግቡ ሲያልቅ የሚጨምር ይጠፋል፣ ሽታውም ይተናል። ሁለት መንገድ ካለ በአጭሩ የሄደችው ቶሎ ትመለሳለች፤ ስለዚህ አጭሩ ላይ ሽታው ቶሎ ይወፍራል። ማንም ሳይለካ አጭሩ መንገድ ያሸንፋል። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ዘዴ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ለመስመር ማቀናጃ ተውሰውታል። አሞራ ገደል ላይ ፍርፋሪዬን ጥላ የሄደችውም ንቃ አልነበረም። መንገድ እየቀባች ነበር።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ጉርሻቸው ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ጉንዳን ሁለት ሆድ አላት፣ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የጋራ። የጠጣችውን ጣፋጭ በጋራው ሆዷ ይዛ ጎጆ ትገባና የተራበች እህቷ አንቴናዋን ስትነካካት አፍ ለአፍ ታጎርሳታለች። ያቺም ሌላዋን። ውጭ ወጥታ የማታውቀዋ ሞግዚትም፣ እጮቹም፣ ንግሥቷም የሚደርሳቸው በዚህ ሰንሰለት ነው። ጉንዳን ያስቸገረው ሰው ይህን ቢያውቅ ፍሊት የሚረጭበትን ብር ይቆጥባል። ፍሊት የሚገድለው ግድግዳ ላይ ያሉትን ነው፤ እነሱ ደግሞ ከጎጆው ጥቂቶቹ ናቸው። ቀስ ብሎ የሚገድል መድኃኒት በጣፋጭ ተለውሶ ሲቀርብላቸው ግን በጉርሻ ጉርሻ ታች ድረስ ይወርዳል። አከራዬ የሚነሰንሱት አመድስ? እሱ መንገዱን ይዘጋል እንጂ ጎጆውን አይነካም። ነገ በሌላ በኩል ይመጣሉ። ይመጣሉም።

ሕክምናም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ፍሎሪዳ ያለች አንዲት ዝርያ የቆሰለች እህቷን እግር እንደምትቆርጥ አሳየ። ቁስሉ ጭን ላይ ከሆነ ከላይ መጋጠሚያው ላይ ደጋግመው እየነከሱ ይቆርጡታል፤ ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ በሽተኛዋም አትታገልም። ሳይቆረጥ የሚተርፉት ከ40 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ ተቆርጦላቸው የሚተርፉት ወደ 90 በመቶ ናቸው። ቁስሉ ከታች ቅልጥም ላይ ከሆነ ግን አይቆርጡም፣ ይልሱታል ብቻ። ምክንያቱን ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያስረዳሉ፦ ጭን ውስጥ ደም መሰሉን ፈሳሽ የሚገፋ ጡንቻ ስላለ፣ ጭኑ ሲጎዳ ዝውውሩ ይዘገያል፤ ለመቁረጥ ጊዜ ይገኛል። ቅልጥም ላይ ግን ጀርሙ ቢላ ሳይነሳ ወደ ሰውነት ይገባል። የእኛው አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ምስጥ የምታድን ትልቅ ጥቁር ጉንዳን አለች። ከዘመቻ ስትመለስ ቁስለኛ ተሸክማ ነው፤ ቤትም ወስዳ ቁስሉን ጀርም በሚገድል ፈሳሽ ታክማለች። ብዙ እግር ያጣችው ግን ራሷ ትወራጫለች፣ አልያዝም ትላለች፣ ትቀራለች። ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

እስካሁን እያደነቅን ነው የመጣነው። የኔ ሐሳብ ግን የምናደንቅበት ነገርና የምንጎዳበት ነገር አንድ ነው የሚል ነው። አለቃ የሌለው፣ ቶሎ የሚፈላ፣ ተጋግዞ የሚበላ ሠራዊት ያለ ቦታው ሲገባ ማንም አያቆመውም። ኮንትሮባንዱን የሚያስፈራ ያደረገውም ይኸው ነው። የሌባው ሻንጣ በሚያርፍበት አገር ያች ንግሥት ካመለጠች ሌላ ታሪክ ይጀመራል።

ኬንያ ይህን በራሷ ምድር አይታዋለች። ላይኪፒያ ውስጥ እሾሁ ያበጠ የግራር ዓይነት አለ። በእሾሁ ውስጥ የሚኖሩ ጉንዳኖች ዝሆን ዛፉን ሊበላ ሲመጣ ኩምቢው ውስጥ ገብተው ይነክሱታል። ዝሆን የጉንዳን ነገር አይወድም፣ ይተወዋል። ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በፊት ግን ባለትልቅ ጭንቅላት የተባለች መጤ ጉንዳን ገባች። ነባሮቹን ፈጀቻቸው። ዛፉ ዘበኛ አጣ፣ ዝሆኖች ገነጣጥለው በሉት፣ ሜዳው ተራቆተ። አንበሳ የሚያደባበት ጥሻ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንበሶቹ ከገደሉት ውስጥ 67 በመቶው የሜዳ አህያ ነበር፤ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ። ያኔ ጨርሶ ያልነበረው ጎሽ ደግሞ 42 በመቶ ሆነ። እስቲ አስቡት፣ አንበሳን ምሳ ያስቀየረችው ጉንዳን ናት። አቢጃታ ሻላ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግራሮቹን የማያቸው በሌላ ዓይን ሆኗል።

መጤ መሆንም ግዴታ አይደለም። ጣና ዙሪያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑ ሰዎች አንዲት ትንሽ አገር በቀል ጉንዳን ደኑንም መንገዱንም ሕንፃውንም ወርራ አግኝተዋት እ.ኤ.አ. በ2017 ጽፈዋል። ትልቁ የጉንዳን መንደር 38 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር፣ እርስ በርስ የማይጣላ። በዓለም ላይ ለእያንዳንዳችን 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ጉንዳን ይደርሰናል፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ግምት 20 ሺህ ትሪሊዮን ነው የሚለው። ድርሻዬን ማን እንደያዘብኝ አላውቅም እንጂ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያሉት ከዚያ ጥቂቶቹ ናቸው።

ለሐዋሳ ሰው ዋናው የጉንዳን ጉዳይ ግን ናኩሩም ጣናም አይደለም። እንሰት ነው።

ባለፈው ወር ከዚሁ ጓደኛዬ ጋር ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ አክስቱ ጋ ሄድን። ጓሯቸው ውስጥ ከእንሰቶቹ አንዱ ቅጠሉ ደብዝዞ፣ እድገቱ ቆሞ ነበር። አክስቱ በአንድ እጃቸው ገፋ ሲያደርጉት ወደቀ። ሥሩና አሚቾው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተጣብቀዋል። ጉንዳኖቹ በየአቅጣጫው ተተረማመሱ።

«ይኸው» አሉን። «እነዚህ ናቸው የበሉብኝ።»

«እትዬ፣ ጉንዳኗ እንሰቱን አትበላም እኮ» አልኳቸው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች? ለመጠየቅ መጣች?»

የሚበላው ነጩ ነው። የእንሰት ሥር ሚሊባግ ይሉታል ባለሙያዎቹ። ከሥሩ ላይ ተጣብቆ ጭማቂ ይመጥጣል። ከሚመጠው ስኳር የተረፈውን ከኋላው ያወጣዋል፣ ማር የመሰለ ጠብታ። ጉንዳኗ የምትፈልገው ያን ጠብታ ነው። ክሽክሽ የሚባለውን የቅጠል ጭማቂ መጣጭ እንደምትጠብቀው ሁሉ ሚሊባጉንም ትጠብቀዋለች፣ ትንከባከበዋለች፣ ከሥር ወደ ሥርም በማዛመት ታግዘዋለች። ከብት ያላት ሰው ናት በሉት። ጠብታውን ይዛ ገብታ ታጎርሳለች፤ ጎጆው ይፈላል፤ ጎጆው ሲፈላ እረኛ ይበዛል።

ይህ ተባይ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 በጌዴኦ ወናጎ ነው። ከዚያ ወዲህ የሲዳማና የጌዴኦን ጓሮ ሲያስቸግር ኖሯል። የሚያስቸግረው ደግሞ እንግዳ ቦታ ላይ አይደለም፣ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው የሚደገፍበት ተክል ላይ ነው። እንደ አጠውልግ በሽታ በአንድ ጊዜ ማሳ አያጠፋም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ለዚህም ይመስለኛል ጩኸት የማይሰማበት።

ጉንዳኗ በጓሮ ውስጥ ታዛምታለች እንጂ ወረዳ አታሻግርም። የሚያሻግረው ሰው ነው። ፍላ፣ ማለትም የእንሰት ችግኝ፣ ከገበያ ይገዛል፣ ከዘመድ ይሰጣል፣ ከነአፈሩ ተሸክሞ ይመጣል፣ አፈሩ ውስጥ ሚሊባግ አለ። ናኩሩ የተያዙት ልጆችና ዘመድ ጥየቃ ፍላ ይዞ የሚሄደው ሰው በሐሳብ አይገናኙም፤ አንደኛው ሌባ ነው፣ ሌላኛው ደግ። ለነፍሳቱ ግን ሁለቱም ትራንስፖርት ናቸው።

ስለዚህ ጉንዳኗ ላይ መርዝ ማፍሰስ ከጀርባ መጀመር ነው። መርዙ ለአፈሩም ለአሚቾውም ደግ አይሆንም። ነጩ ከሌለ ጠብታ የለም፣ ጠብታ ከሌለ እረኛ የለም። ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ከንጹሕ ማሳ የመጣ ፍላ መትከል፣ ሥሩን ከአፈር ማጽዳት፣ ሲቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የተጠቃውን ነቅሎ ማስወገድ ነው።

አክስቱ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ከጎረቤት ያመጧቸውን አራት ፍላዎች ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ በርሜሉ ወሰዱ። አፈሩን በእጃቸው ፈተፈቱት፣ ሥር ሥሩን አሹት። ሁለቱ ላይ ነጭ አገኙና ወደ ምድጃው ወረወሩ። «የሰጠችኝን ሴትዮ ምን እላታለሁ?» አሉ ለራሳቸው። የቀሩትን ሁለቱን እንደገና አጠቡ።

ሊተክሉ ሲጎነበሱ አንዲት ጉንዳን ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ከታጠበው ፍላ ላይ ወጣች። ነካካችው፣ ዞረችው። ጓደኛዬ ሊያራግፋት እጁን ዘረጋ።

«ተዋት፣ ትፈልግ» አሉትና አፈሩን መለሱበት።